የራት ሰዓትና የፊዮርድ መንገድ

በዚህ ዐምድ ስለ ቤተ ሰብ ማዕድ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ስለ ልጆች አመጋገብ፥ ስለ ጾም ወጥ አሠራር፥ ከማዕድ በፊትና በኋላ ስለሚደረገው ጸሎት ተናግረናል። ማዕድ ግን ሁልጊዜ በቤት ብቻ የሚዘረጋ አይደለም። ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ከብዙዎቹ ቤት አንድ ወይም ሁለት ልጅ በባሕር ማዶ ይኖራል፤ ልጅም በሰው ሀገር ሠርቶ ጥቂት ጥሪት ሲይዝ አስቀድሞ የሚያስበው እናት አባቱን አስመጥቶ የሚኖርበትን ሀገር ማሳየት ነው። በኖርዌይና በአካባቢዋ የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው ከሚያበረክቷቸው ስጦታዎች አንዱ፥ በእኛ ክረምት በእነርሱ በጋ፥ በመርከብ ተሳፍሮ ፊዮርድ የሚባለውን የባሕር ሸለቆ ማየት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ አንድ ትንሽ ነገር፥ ይኸውም በዚያ መርከብ ላይ ራት በስንት ሰዓት ቢበላ እንደሚሻል እንጽፋለን።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ራት ሲርብ ይበላል፥ ተራራም ሲደረስበት ይታያል የሚል አይጠፋም። እኛም እንዲሁ እንል ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በሰኔ ወር ግን እንዲህ ያለው ቸልታ ምን እንደሚያሳጣ ከእናታችን ጋር ተጕዘን አየነው።

አስቀድመን ፊዮርድ ምን እንደ ሆነ ላላዩት እንግለጥ። በጥንት ዘመን ያን ምድር የሸፈነው ግግር በረዶ ወደ ባሕር ሲንሸራተት ድንጋዩን እየቦረቦረ እጅግ ጥልቅ ሸለቆ ቈፈረ፤ በረዶው ቀልጦ ባለቀ ጊዜም የባሕር ውሃ ገብቶ ሞላው። እንግዲህ ፊዮርድ ማለት በተራሮች መካከል እንደ ወንዝ እየጠበበና እየተጠማዘዘ ወደ የብስ የገባ ባሕር ነው። በኖርዌይ ከሁሉ የሚረዝመው ሶግነ ፊዮርድ 205 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። በውበቱ ስሙ የተጠራው ጌይራንገር ፊዮርድ ግን ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህን የርዝመት ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

በየብስ የሚጓዝ ሰው ደስ የሚያሰኝ ስፍራ ሲያገኝ መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፤ ቢያልፈውም ይመለሳል። መርከብ ግን ስለ አንድ መንገደኛ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ኋላም አይመለስም። ማዕዱም እንዲሁ የራሱ ሰዓት አለው። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ራት ብዙውን ጊዜ በሁለት ዙር ይቀርባል፤ የፊተኛው በ17:30 ወይም በ18:00፥ የኋለኛው በ20:00 ወይም ከዚያ ጥቂት ቈይቶ ነው። መንገደኛው ከሁለቱ አንዱን አስቀድሞ ይመርጣል፤ የመረጠውም ጠረጴዛ እስከ ጉዞው ፍጻሜ የእርሱ ሆኖ ይቈያል። ከዚህ ሌላ ሰው ሳሕኑን ይዞ ራሱ እያነሣ የሚበላበት አዳራሽ ይኖራል። ችግሩ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ በጧት ወደ ፊዮርዱ ራስ የደረሰ መርከብ መንገደኞቹን በየብስ አውሎ ብዙ ጊዜ በ17:00 ወይም በ18:00 ይነሣል። ስለዚህ መርከቡ በጠባቡ ውሃ መካከል የሚያልፍበት ሰዓትና የፊተኛው ራት የሚቀርብበት ሰዓት ይገናኛሉ።

እኛ ስምንት ነፍስ ሆነን ከበርገን ወደብ ተሳፍረን ነበር። ጊዜው የሰኔ ጾም ነው። እናታችን ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ዓመት ቢሆንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። የመርከቡ የምሳ አዳራሽ በ14:00 ይዘጋ ስለ ነበር እርሳቸው ጾማቸውን በሚፈቱበት ሰዓት የሞቀ ምግብ አይገኝም፤ ከቤት ባመጡት ቆሎና በሻይ ይቈያሉ። እኛም ይህን አይተን እናታችን እንዳይደክሙ ብለን የፊተኛውን ራት፥ የ18:00ውን፥ መረጥን። አሳባችን መልካም ነበር። ነገር ግን መርከቡ ከጌይራንገር በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ከመካከላችን አንድ እንኳ የጠየቀ የለም። የነገው ቀን ፕሮግራም የተጻፈበት ወረቀት ማታ ማታ በየክፍላችን በር ይቀመጥልን ነበር፤ ልጆቹ እያጠፉ የወረቀት ጀልባ ይሠሩበት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እናታችን የእጅ ሰዓታቸውን ከአዲስ አበባ ሰዓት አላዛወሩም። ወንድማችን ሊያስተካክልላቸው ሲል፥ «ተወኝ ልጄ፥ ጸሎቴን ከሀገሬ ሰው ጋር ላድርስበት» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። በበጋ ወራት ኖርዌይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ «በዐሥራ ሁለት ሰዓት ለራት እንገናኝ» ስንላቸው እኛ በመርከቡ ሰዓት 18:00 ማለታችን ነበር፤ በእርሳቸው እጅ ላይ ግን ዐሥራ ሁለት ሰዓት የሚሆነው መርከቡ ገና 17:00 ሲል ነው። በዚያች ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ምግብ አዳራሹ ሄዱ። በሩ ዝግ ሆኖ አገኙት። አጠገቡ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣ ሌላ በር ነበርና በእርሱ ወጥተው በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መርከቡም ወዲያው መልሕቁን ነቅሎ ተነሣ።

እኛ በዚያን ሰዓት ምን እናደርግ ነበር? ቀኑን ተራራ ስንወጣ ውለን ደክሞን ነበር። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ትልልቆቹም መስኮት በሌለው ክፍላችን ውስጥ ጫማችንን አውልቀን ጋደም ብለናል። መርከቡ መንቀሳቀሱን ሰምተናል፤ ግን አልተነሣንም። በ18:00 ታጥበን ለብሰን ወደ ማዕዱ ስንቀርብ የእናታችን ወንበር ባዶ ነው። ወንድማችን ወደ ክፍላቸው ሮጦ ሄደ፤ የሉም። በመርከብ ላይ ሰው ሲጠፋ ልብ ምን እንደሚሆን የፈለገ ብቻ ያውቀዋል። አንዱ ወደ ላይ፥ አንዱ ወደ ታች ተበተንን።

ያገኘናቸው በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አንድ የመርከቡ ሠራተኛ በጋቢያቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦላቸዋል፤ መቍጠሪያቸው በእጃቸው ነው። ሲያዩን አልተቈጡም፤ ይልቁንም ተደነቁ። «እናንተ የት ነበራችሁ? እኔማ መርከቡ ትልቅ ስለ ሆነ በወዲያኛው ወገን ሆናችሁ የምታዩ መስሎኝ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፥ «ሰባት ፏፏቴ ጐን ለጐን ሲወርድ ቈጠርሁ። ሰባት ነው። ሁለት ጊዜ ቈጥሬዋለሁ» አሉን። እኛም ቀና ብለን አየን፤ ተራሮቹ ወደ ኋላ ርቀዋል፥ ውሃውም ሰፍቷል። መርከቡ ከጌይራንገር ፊዮርድ ወጥቶ ነበር።

በማዕድ ላይ እናታችን ያዩትን ሲነግሩን ልጆቹ ሳይበሉ አዳመጡ። እርሳቸው የቈጠሩት «ሰባቱ እኅትማማች» የሚባለው ፏፏቴ ነው፤ ከሁሉ የሚረዝመው አወራረዱ 250 ሜትር ያህል ነው። ከእርሱ ፊት ለፊት፥ ከፊዮርዱ ማዶ፥ ብቻውን የሚወርድ ሌላ ፏፏቴ አለ፤ የሀገሩ ሰዎች ሰባቱን እኅትማማች ለጋብቻ የሚጠይቅ ጐልማሳ ነው ብለው «ጠያቂው» የሚል ስም ሰጥተውታል። እናታችን ስሙን አላወቁም፤ ነገር ግን «ከማዶ ደግሞ አንዱ ብቻውን ቆሞ ያያቸዋል» አሉ።

ከሁሉ ይልቅ የገረማቸው ግን ቤቶቹ ነበሩ። «በገደሉ ወገብ ላይ ቤት አየሁ፤ ሰው እንዴት ብሎ ይወጣበታል? እንደ ደብረ ዳሞ በገመድ ነውን?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም፤ አላየነውምና። ኋላ ጠይቀን እንደ ተረዳነው ያ ስፍራ ስካገፍሎ ይባላል፤ ከውሃው በላይ 250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠ የእርሻ ቤት ነው። ሰዎች ፍየል እያረቡ እስከ 1916 በአውሮፓ አቈጣጠር ኖረውበታል። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ የመውጫውን መሰላል ወደ ላይ ይስቡት ነበር ይባላል፤ ሕፃናትም ወደ ገደሉ እንዳይወድቁ በገመድ ይታሰሩ ነበር እየተባለ ይተረካል። የኖርዌይ ንጉሥ ሃራልድና ንግሥት ሶንያ የጋብቻቸውን ሃያ አምስተኛ ዓመት በ1993 ያከበሩት በዚያው ስፍራ ነው። ዛሬ መንገደኛ ለማየት ገንዘብ የሚከፍልበትን ያን ገደል የጥንቶቹ ባለቤቶች ጧትና ማታ ሸክም ይዘው ይወጡት ይወርዱት ነበር። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ «ሬሳቸውንስ እንዴት ያወርዱ ነበር?» አሉ። ይህን የጠየቀ ጎብኚ ብዙ ያለ አይመስለንም።

ወንድማችን በዚያ ራት ላይ ብዙ አልተናገረም። ለዚህ ጉዞ ስንት ዓመት እንዳጠራቀመ እናውቃለን። ፏፏቴውን ለራሱ ለማየት ቢሆን ኖሮ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አይቶታል። የናፈቀው እናቱ ሲያዩት የእናቱን ፊት ማየት ነበር። ይህም በአንድ ሰዓት ውስጥ አመለጠው፤ ያመለጠውም በማንም ክፋት ሳይሆን እናቱን በጊዜ ለማብላት ከመሳሳት የተነሣ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያወቅነውን ለአንባቢ እናካፍላለን። ቲኬት ሲገዛ የራት ዙር ይጠየቃል፤ በዚያን ጊዜ ዝም ብሎ «ቶሎ ይሁንልን» ማለት አይገባም። አስቀድሞ መርከቡ በየትኛው ቀን ከየትኛው ወደብ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ከጉዞው ዝርዝር ላይ ማንበብ ያሻል። መነሻው ከ16:00 እስከ 18:00 ባለው ጊዜ ከሆነ የኋለኛው ራት ይሻላል፤ ልጆችና ሽማግሎች እስከዚያ እንዳይራቡ በ16:00 ገደማ የሻዩን ሰዓት መጠቀም ይቻላል። ራት አንድ ጊዜ ከተመረጠ በኋላም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ወደ ምግብ አዳራሹ ኀላፊ ሄዶ ችግርን ማስረዳት ነውር የለበትም፤ ቦታ ካለ ያዛውራሉ። ይህ ካልሆነ በዚያ አንድ ቀን ብቻ የተመደበውን ጠረጴዛ ትቶ ራስ እያነሡ በሚበሉበት አዳራሽ ቈይቶ መብላት ነው። ማዕዱ እንደ ሌላው አያምርም፤ ነገር ግን ሁሉም አብሮ ይበላል።

«በመስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ብንይዝ ሁለቱንም እናገኛለን» የሚሉ አሉ። እኛም በሚቀጥለው ቀን ሞከርነው። የምግብ አዳራሹ ብዙውን ጊዜ በመርከቡ ታችኛው ክፍል ስለ ሆነና ተራራው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከመስኮቱ የሚታየው የተራራው እግር ብቻ ነው፤ ራሱን ለማየት ከጠረጴዛው በታች ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ ማንጋጠጥ ያስፈልጋል። ልጆቹ ይህን ሲያደርጉ ሾርባ ፈሰሰ። ከዚህም ሌላ በመስኮት አጠገብ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የቀሩት የሚያዩት የእነዚያን ጀርባ ነው።

ወገኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ከጌይራንገር ሲወጡ ሰባቱ እኅትማማች በቀኝ፥ ጠያቂውና ስካገፍሎ በግራ ናቸው፤ ጧት ሲገቡ ይህ ይገለበጣል። ሰባቱ የሚወርዱበት ገደል ወደ ደቡብ ስለሚያይ፥ ሰማዩ ከጠራ፥ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ያርፍበታል። ከመንደሩ እስከ ፏፏቴው ግማሽ ሰዓት ያህል፥ እስከ ፊዮርዱ አፍም አንድ ሰዓት ያህል ነውና ያችን ሰዓት ለቅቆ ለመብላት መቸኰል አያስፈልግም። ጧት የሚገቡ ከሆነም ቍርስን አስቀድሞ ወይም አቈይቶ መብላት ነው፤ መርከቡ በፊዮርዱ ውስጥ ሳለ እንቍላል እየጠበሱ የሚያሳልፉት መንገደኞች ብዙ ናቸው።

በሶግነ ፊዮርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ርዝመቱን ልብ አድርጉ ያልነው ስለዚህ ነው። ከፍሎም መንደር የተነሣ መርከብ ክፍት ባሕር እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁሉን ቆሞ ለማየት የሚሞክር ሰው ደክሞት ይተኛል። ጠባቡና ግርማ ያለው የመጀመሪያው ክፍል፥ አውርላንድ ፊዮርድ የሚባለው፥ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እርሱን አይቶ ውሃው ሲሰፋ ወደ ማዕድ መግባት ይበቃል። ከጎኑ የሚገነጠለው ናሮይ ፊዮርድ አንዳንድ ስፍራ ላይ ስፋቱ 250 ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ እርሱ የሚገቡት ትናንሾቹ ጀልባዎች ናቸው፤ ጉዟቸውም በቀን ስለ ሆነ ከራት ጋር አይጋጭም። ናሮይ ፊዮርድና ጌይራንገር ፊዮርድ በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ለአየሩ ንጽሕና ሲባልም የኖርዌይ መንግሥት ከ10,000 ቶን በታች የሆኑ የመንገደኛ መርከቦች ከ2026 ጀምሮ፥ ትልልቆቹም ከ2032 ጀምሮ በእነዚህ ቅርሶች ውስጥ ያለ ጭስ እንዲሄዱ ወስኗል፤ ጉዞ የሚያስብ ሰው የሚሳፈርበት መርከብ እስከ ውስጥ ይገባ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከበርገን እስከ ኪርከነስ በጠረፉ የሚሄደውን፥ በ1893 የተጀመረውን የመርከብ መሥመር የሚመርጡም አሉ። በዚያ ላይ ሰው ወደ ሰሜን ሲሄድ የሚያየው ትሮል ፊዮርድ፥ አፉ 100 ሜትር ያህል ብቻ የሆነው ጠባብ ስፍራ፥ በበጋ የሚደረስበት ከራት በኋላ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። በዚያ ወራት ከዋልታው ክበብ በላይ ፀሐይ አትጠልቅምና ብርሃን አይጐድልም። ስለዚህ በዚያ መርከብ ላይ የሚያስፈልገው ራትን ማቈየት ሳይሆን ራትን ቀለል አድርጎ ከራት በኋላ አለመተኛት ነው።

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ፤ ለእኛ ቤቶች ዋናው ጭንቀት እርሱ ነውና። የፊዮርድ ጉዞ ወራትና የጾም ወራት እጅግ ይቀራረባሉ። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል፤ ጾመ ፍልሰታም ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከላቸው ያሉት ሃያ አምስት ቀኖች ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የፍስክ ናቸው። ነገር ግን ቀኑን መምረጥ የሚችል ሰው ቢኖር እኛ በዓለ ሃምሳን እንመርጥለታለን። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ በተራራው ላይ ያለው በረዶ በግንቦት ስለሚቀልጥ ፏፏቴዎቹ ሙሉ ኀይል አላቸው፤ በሃርዳንገር ፊዮርድ ዳርቻም የቱፋሕ ዛፎች በዚያው ወር ያብባሉ። የ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 24፥ ጰራቅሊጦስም ሰኔ 13 ስለ ሆነ ያ ዓመት ለዚህ የተመቸ ነው። በፍልሰታ የሚሄድ ሰው ግን ሰባቱ እኅትማማች ሳስተው አንዳንዶቹም ጠፍተው ቢያገኛቸው እንዳይደነቅ፤ የበረዶው ውሃ በነሐሴ ይቀንሳል።

በጾም ለሚሄዱት ደግሞ ይህን እንላለን። ለመርከቡ ሰዎች «ሥጋ አንበላም» ማለት አይበቃም፤ አስተናጋጁ ደስ ብሎት ዓሣ ያመጣል፥ ዓሣ የዚያ ሀገር ኩራት ነውና። «አትክልት ብቻ» ቢሉትም ቅቤ የተቀባ ድንች፥ አይብ የተነሰነሰበት ጎመን ይቀርባል። በዚያ ሀገር ከእንስሳት የተገኘ አንዳች ነገር የሌለበትን ምግብ «ቪጋን» ይሉታል፤ ይህን ቃል ተሳፍረው ሳይሆን ቲኬቱ ሲገዛ በጽሕፈት ማስታወቅ ነው። ምሳው ከተዘጋ በኋላ ጾሙን ለሚፈታ ሰው አንድ ሳሕን እንዲቀመጥለት መጠየቅም ይቻላል። እኛ ይህን አልጠየቅንም ነበር፤ ብንጠይቅ ኖሮ ስለ እናታችን ብለን ወደ ፊተኛው ራት ባልተጣደፍን ነበር። ዘጠኝ ሰዓቱን በየትኛው ሀገር ሰዓት እንደሚቈጥሩ፥ በጉዞና በእርጅና ምክንያትም ምን እንደሚፈቀድላቸው ግን እያንዳንዱ የነፍስ አባቱን ይጠይቅ። ጀምበር እስክትጠልቅ ልቈይ የሚል ሰው በሰኔ መጨረሻ በበርገን እስከ 23:00 ሰዓት አልፎ መጠበቁ ነው።

ስለ ብርዱም አንድ ቃል እንጨምር። በበጋም ቢሆን በሰገነቱ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ያንቀጠቅጣል። ጋቢ ይያዝ። እናታችን ሲነሡ ጋቢውን በሻንጣ ሲያስገቡ «ምን ያደርግልዎታል?» ብለን ስቀን ነበር።

ከጌይራንገር በኋላ በሁለተኛው ቀን መርከባችን ከፍሎም በ18:00 ተነሣ። ወንድማችን አስቀድሞ ሄዶ ራታችንን ወደ 20:15 አዛውሮ ነበር። ትልቁ ልጅ በአንድ ካርቶን ላይ ሁለት ሰዓት ሥሎ በአንዱ ላይ «የመርከብ»፥ በሁለተኛው ላይ «የእማማ» ብሎ ጽፎ በክፍላቸው በር ላይ ሰቀለላቸው። ስምንታችንም በሰገነቱ ላይ ጐን ለጐን ቆምን። ጥቂት እንደ ሄድን በግራ በኩል በውሃው ዳር ኡንድረዳል የምትባል መንደር ታየች፤ በመካከሏም ነጭ ቀለም የተቀባች ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለች። በ1147 እንደ ተሠራች ይነገራል፤ የምትይዘውም አርባ ሰው ያህል ነው። እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ከሩቅ ተሳለሙ። ወንድማችን ቤተ ክርስቲያኒቱን አላየም፤ ፊቱን ወደ እርሳቸው አዙሮ ነበር። ከዚያም እርሳቸው ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ለሁላችንም በየእጃችን ዘገኑልን።

ውሃው ሲሰፋ ወደ አዳራሹ ገባን። አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ስንቀመጥ በመርከቡ ሰዓት 20:15 ነበር፤ በእናታችን ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ።